ሐይቅ ዳር የቋጠርኳቸው ስድስት ፎጣዎች

ልጆቼ፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ፊሽካ የተነፋብኝ። የትራፊክ ፊሽካ አይደለም፤ መኪና ከየት አባቴ። የደንብ አስከባሪም አይደለም። የተነፋብኝ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ የልጅ ልጄ ውሃ ውስጥ እያለች፣ እኔ የሰው ልጆች ጫማ በፎጣ ስቋጥር ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ወሬ ሳወራ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም ማለት ስለምወድ ብቻ ትንሽ ታገሡኝ።

ብርቄ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎረቤት ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ይሄንንም በደብተር የጻፍኩት ራሴ ነኝ። የልጅ ልጄ ቤዛ በስልኳ ስትገለብጠው ፊደሉን አርማልኛለች፤ ወሬዬን ግን እንዳትነካው አስጠንቅቄያታለሁ።

ሥራዬ መርካቶ ውስጥ እቃ መጠበቅ ነው። ለማታውቁት እንዲህ ነው፦ ከክፍለ ሀገር የመጣ ነጋዴ ሰባተኛ ሰፈር ገብቶ ጀሪካን ይገዛል። ቀጥሎ ብርድ ልብስ ይፈልጋል፣ ቀጥሎ ሳህን። መቼም አሥር ጀሪካን ተሸክሞ ብርድ ልብስ ሲያማርጥ አይውልም። ስለዚህ አንዋር መስጊድ አጠገብ፣ ሐጂ ኑረዲን ሱቅ በረንዳ ላይ እኔ ጋር ያመጣዋል። “እትዬ ብርቄ፣ አደራ” ይለኛል። አደራ ካለ አለቀ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ስሙን ባላውቅ መልኩን እይዛለሁ፤ መኪናው መጥቶ እስኪጫንለት ድረስ ያ እቃ ዓይኔ ነው። ስንት ዓመት እንደሠራሁ ራሴም አላውቀውም፤ አንድ ማንኪያ ግን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ለዚህ ሥራ ዋናው ነገር ቋጠሮ ነው። የተበተነ እቃ የጠፋ እቃ ነው፤ እኛ ጋ ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ የምቋጥረው ሲታሰር እንደ ድንጋይ የሚጠብቅ፣ ረጅሙን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት ግን ባንዴ የሚዘረገፍ ነው። ነጋዴ ይቸኩላላ። ደግሞ የጎረቤት እቃ ተበትኖ እያዩ የራስን ብቻ መሰብሰብ በኛ በረንዳ ነውር ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ቤዛ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ አግብታ ድሬዳዋ ስትሄድ ገና የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር፣ እኔው ጋ ቀረች። ያደገችው በረንዳው ላይ፣ በሰው እቃ መሃል ነው። ትንሽ ከፍ ስትል የሐጂን አሮጌ ሳይክል እየነዳች ምሳቸውን ከቤታቸው ታመጣላቸው ጀመር። መርካቶን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ከፊት ጋሪ፣ ከኋላ ተሸካሚ፣ ከጎን ሚኒባስ፣ ሁሉም “ጠጋ፣ ጠጋ” ይላል። እሷ በዚያ መሃል እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ ትሽሎከሎካለች።

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ከኋላዋ እያለከለከ በረንዳዬ ድረስ መጣ። የሰረቀችው መሰለኝ።

“ምን ወሰደችብህ?” አልኩት።

“ምንም እማማ። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጀምሬ እየተከተልኳት ነው። እንዲህ ሳይክል የሚነዳ ሰው አይቼ አላውቅም።”

ሙሉጌታ ይባላል፤ አሰልጣኝ ነው። ትሪያትሎን የሚሉትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው። መጀመሪያ ይዋኛሉ፣ ከዚያ ሳይክል ይነዳሉ፣ ከዚያ ይሮጣሉ፤ መሃል ላይ ማረፍ የለም።

“ምን አጥፍተው ነው?” አልኩት። እውነቴን ነበር።

ቤዛ ሳይክሉን ታውቃለች፣ ሩጫውም አላስቸገራት። ዋናን ግን መርካቶ ውስጥ ከሰው ማዕበል በቀር የት አይታው። ኮቹ በየጠዋቱ መዋኛ ገንዳ እየወሰደ ሁለት ዓመት ለፋባት። በመጨረሻ ለክልሎች የወጣቶች ስፖርት ጨዋታ አዲስ አበባን ወክላ ተመረጠች። ዜናውን የነገረኝ ቀን ኮቹ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እማማ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዷ ሆና ከገባች አዳሪ የስፖርት ማሠልጠኛ ይወስዷታል። ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ ስልጠናውም እዚያው ነው። አራተኛ ከወጣች ግን የለም።”

አዳሪ ማለት እኔ ጋ አታድርም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ሁሉ ተምታታ። “አምላኬ ሆይ፣ ታሸንፍልኝ” እልና መለስ ብዬ “አትሂድብኝ” እላለሁ። የትኛውን እንደሚሰማ እሱ ይወቅ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ሐጂ ከሱቃቸው ወጥተው የኔ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

“ዛሬ በረንዳውን እኔ እጠብቃለሁ፤ ይሂዱ” አሉኝ።

“እርስዎ ሐጂ? ሱቅዎን ወለል አድርገው ከፍተው ለስግደት የሚሄዱት?”

“የርስዎ ዓይን አለ ብዬ እኮ ነው የምከፍተው።”

“እንግዲያው ያ ሁለት ጥቅል ምንጣፍ የወሊሶው ሰውዬ ነው። ጥርሱ ፍንጭት ነው። ፍንጭት ያልሆነ ሰው ቢመጣ እንዳይሰጡት።”

“እሺ፣ ጥርስ ሳላይ አልሰጥም። ይልቅ ልጅቷም አደራ ናት፤ ይሂዱ፣ አውቶቡሱ ያመልጥዎታል።”

ከደጋፊዎች ጋር ሄድኩ። ቢሾፍቱ ሐይቁ ጎድጓዳ ውስጥ ነው ያለው፤ ዳገቱን ቁልቁል ወርደው ነው የሚደርሱበት። ውሃው ዳር ሜዳ ላይ ቀይና ነጭ ላስቲክ ዙሪያውን ወጥረው፣ መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ ተክለው፣ ሳይክሎቹን በተርታ አንጠልጥለዋል። መቀያየሪያ ይሉታል። ከውሃ ሲወጡ እዚያ ገብተው ጫማና ሄልሜት አድርገው ሳይክል ይዘው ይወጣሉ፣ ሳይክሉን መልሰው እዚያው ሰቅለው ይሮጣሉ።

ቤዛ ቁጥሯ ሃያ ሰባት ነው፤ ክንዷ ላይም ተጽፏል። ከላስቲኩ ወዲህ ማዶ ቆሜ አያታለሁ። ሳይክሏ ሥር ፎጣዋን ዘረጋች። ጫማዋን እዚህ፣ ሄልሜቷን ቀበቶውን ፈትታ እዚያ፣ መነጽሯን በላዩ፣ ካልሲዋን በጎን። ሌሎቹም ሁሉ እንደዚያው።

“ምነው ልጄ፣ ትበትኚዋለሽ እንዴ?” አልኳት።

“እማዬ፣ እንዲህ ነው የሚደረገው።”

“ማን ይጠብቀዋል?”

“ጥበቃ አለ። አንቺ እቃውን ተይና እኔን እይ።”

እውነትም በሩ ላይ ሰደርያ የለበሰ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ትልቅ ሰው ነበር። እሺ አልኩ።

ሴቶቹ ልጆች ውሃው ዳር ተሰለፉ። ጥሩምባ ተነፋ፤ ሐይቁ በእጅና በእግር ፈላ። ደጋፊው ሁሉ እየጮኸ ወደ ውሃው ሮጠ። እኔ ጉልበቴ አይፈቅድልኝም፣ ወደኋላ ቀረሁ። ዞር ስል ጥበቃው የለም። ያ ትልቅ ሰውዬ ከሰው ጋር ተንጋግቶ ወርዶ ድንጋይ ላይ ቆሞ ያያል። ከኋላዬ ያ ሁሉ ሳይክል፣ ያ ሁሉ አዲስ ጫማ መሬት ላይ ተበትኖ አለ። ጠባቂ የለም። አንድ ነፍስ የለም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። መርካቶ ስትኖሩ ዓይናችሁ የወደቀች ካልሲ እንኳ አያልፍም። “ይቺ ልጅ ከውሃ ስትወጣ ባዶ እግሯን ልትቀር ነው” አልኩ። በላስቲኩ ሥር ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ሃያ ሰባትን አገኘሁት። ፎጣውን በአራት ጫፉ ሰብስቤ ጫማውንም፣ ሄልሜቱንም፣ መነጽሩንም ከትቼ ባንድ ትንፋሽ ቋጠርኩት፤ ጎማው ሥር ሸጎጥኩት። እፎይ ብዬ ቀና ስል የሃያ ስምንት እቃ ተበትኗል። የሰው ልጅ አይደለችም? እሱንም ቋጠርኩ። ሃያ ዘጠኝ። ከወዲያም ሃያ ስድስት። እያንዳንዱን በየራሱ ፎጣ፣ በየራሱ ጎማ ሥር። አንዲት ካልሲ ከሌላው አልቀላቀልኩም። ስድስት ከቋጠርኩ በኋላ ሰባተኛውን ስጀምር ፊሽካው ተነፋ።

ለሌላ ሰው መስሎኝ ቀጠልኩ።

“እማማ፣ እዚያ ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ይውጡ” አለ ጥበቃው እየሮጠ።

“አንተን እኮ ነው የምጠብቅልህ” አልኩት እየወጣሁ።

ወዲያው የመጀመሪያዋ ልጅ ከውሃ ወጥታ ውሃዋን እያንጠባጠበች ደረሰች። ሃያ ስምንት ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን ልጅ። ሳይክሏ ጋ ደርሳ ክው ብላ ቀረች።

“ጫማዬስ? ጫማዬን ማን ወሰደው?”

ያኔ ነው የገባኝ። ልጆቼ፣ ሰው እንዴት ባንድ ጊዜ ይበርደዋልም ያልበዋልም? የቋጠርኩት ሊሮጥ የቸኮለ ሰው እቃ ነበር። ለካ ያ መበተን አልነበረም፤ እያንዳንዱ እቃ እጅ እንዲደርስለት ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር።

“አልተወሰደም ልጄ፣ ጎማው ሥር ነው” አልኩ ከላስቲኩ ማዶ። “ረጅሙን ጫፍ ሳቢው።”

“የቱን?”

“ረጅሙን። ኧረ እሱን አይደለም፣ እሱን ከሳብሽው ይጠብቃል።”

ሳበችው፤ ጠበቀ። ሁለተኛዋ መጣች፣ ሦስተኛዋ መጣች፤ በዚያ መስመር ያሉት ሁሉ ቋጠሮ ላይ ተደፍተው በጥርሳቸው ይታገላሉ። ቤዛ በስድስተኛነት ነው ከውሃ የወጣችው። ሮጣ ደረሰች። ቋጠሮውን አየችው። ቀና ብላ ሰውን በዓይኗ ፈለገች፤ ፈልጋም አገኘችኝ።

“እማዬ” አለች፤ የአፏን እንቅስቃሴ ነው ያየሁት። ጫፉን ሳብ፤ ሁሉም ተዘረገፈ። ሄልሜቱን አጥልቃ፣ ጫማውን አድርጋ፣ ሳይክሉን ይዛ ወጣች። ረጅሟ ልጅ ብቻ ፈትታ ቀድማታለች፤ ስድስተኛ ገብታ ሁለተኛ ሆና ወጣች።

ሳይክሉን ከተማው ውስጥ ሲዞሩ እኔ ምንም አላየሁም። ላስቲኩ ጋ ሁከት ተነሥቷል። የሌላ ክልል አሰልጣኞች ዋና ዳኛዋን ከበዋታል፤ ነጭ ኮፍያ ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት።

“ይሄ ሆን ተብሎ የተሠራ ሸፍጥ ነው” ይላል አንዱ። “አዲስ አበባዎች ናቸው።”

“ጥበቃውስ የት ነበር?” ይላል ሌላው። ጥበቃው አንገቱን ደፍቷል። የተነፋብኝን ፊሽካ የነፋው እሱ ነው፤ ቢናገር ቦታውን ትቶ መሄዱ ሊታወቅ ነው፣ ዝም አለ። ዳኛዋ “ማን ነው ይሄን ያደረገው?” ብላ ሕዝቡን ዞራ አየች። ዓይኗ እኔን አልፎ ሄደ። ነጠላ የለበሰች አሮጊት ማን ይጠረጥራል?

ሙሉጌታ ግን ሁሉም ገብቶታል። ጎኔ መጥቶ ሹክ አለኝ።

“እማማ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ዝም ይበሉ። ከተናገሩ ቤዛ ትቀጣለች። ከውድድሩም ሊያስወጧት ይችላሉ።”

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ያ ጥበቃ እንጀራው ሊሄድ ነው። አሰልጣኞቹም ሊደባደቡ ነው። ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ሰው አደራ ሲበላሽበት “እኔ ነኝ” ካላለ ነገ ማን ጀሪካኑን ያስቀምጥበታል?

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

“እርስዎ ምን ሆነው?” አለች ዳኛዋ።

“የሚጠብቀው ሰው አጣሁ። ይህ ሰው ለአፍታ ወደ ውሃው ዞር ብሎ ነበር፣ ሰው ነውና። ተበትኖ ሳየው አልቻልኩም። መርካቶ እቃ ጠባቂ ነኝ።”

“የስድስቱንም?”

“ጊዜ ቢሰጡኝ የሁሉንም እቋጥር ነበር።”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም።

“ከተወዳዳሪዎቹ ዘመድ አለዎት?”

“ሃያ ሰባት የልጅ ልጄ ናት።”

“ቋጠሮውን ታውቀዋለች?”

በኮፍያው ፊቱን የሸፈነውን ሙሉጌታን አየሁት። “ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ” አልኩ።

ዳኛዋ ከሌሎቹ ዳኞች ጋር ጥግ ይዛ ተነጋገረች። ያቺ ደቂቃ ከዚያ ሐይቅ ትጠልቅ ነበር። ተመልሳ መጣች።

“ልጅቷ አላጠፋችም፣ ግን ተጠቅማለች። ሌሎቹ ቋጠሮው ላይ ሃያ ሰከንድ ያህል አጥተዋል። ሩጫው መሃል ላይ ሃያ ሰከንድ ቆማ ትቀጥላለች። ከውድድር አትወጣም።”

አሰልጣኞቹ አጉረመረሙ፣ ግን ተበተኑ። የሃያ ስምንቷ ልጅ አሰልጣኝ ብቻ ዞር ብሎ “እማማ፣ ምን ዓይነት ቋጠሮ ነው ግን እሱ?” አለኝ።

ሳይክሉ አልቆ ሩጫው ሲጀመር ረጅሟ ልጅ ፊት ናት፣ ቤዛ ከሥሯ። ከኋላ ሁለት ልጆች ተያይዘው ይመጣሉ። መቆሚያው ዳገቱ ሥር በኖራ የተሠመረ ክብ ነው። ሰሌዳው ላይ ሃያ ሰባት ተጻፈ። ቤዛ አይታ፣ ገብታ ቆመች። እኔ እየተንፏቀቅኩ አጠገቡ ደርሻለሁ።

“ተናገርሽ አይደል?” አለችኝ እየተነፈሰች።

“ተናገርኩ ልጄ።”

“ገብቶኛል። ካልሲዬን ግን ገልብጠሽ ነው ያስገባሽው።”

“ራስሽ ገልብጠሽ ነበር ያኖርሽው።”

“መነጋገር አይቻልም” አለ ሰዓት የያዘው ዳኛ፤ እሱም ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል። ተያይዘው ከሚመጡት አንደኛዋ አለፈቻት። ሁለተኛዋም አለፈቻት። ቤዛ አራተኛ ሆነች። አራተኛ ከወጣች የለም።

እዚያች ቦታ ላይ፣ ልጆቼ፣ ጸሎቴ ሁለት መሆኑን ተወ። ትሂድ አልኩ። ፍቱልኝ፣ ትሂድ።

“ሂጂ” አላት ዳኛው።

ሄደች። የቀረው ዳገቱ ብቻ ነው፤ መድረሻው አናቱ ላይ ነው። ሦስተኛዋ ልጅ ቀድማ እየወጣች ነው፤ ግን እርምጃዋን አርዝማ ነበር። ተሸካሚ ዳገት ላይ እርምጃውን እንደሚያሳጥር ስንት ዘመን ሳይ ኖሬያለሁ፤ ኩንታል ያዘለ ሰው እርምጃው ከተራራቀ ይወድቃል።

“ቤዛ፣ አሳጥሪው” አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። “እንደ ተሸካሚ አሳጥሪው።”

አሳጠረችው። ቱክ ቱክ ቱክ፣ ልክ ጀርባዋ ላይ ጣቃ ጨርቅ እንዳለ። ዳገቱ ወገብ ላይ ደረሰችባት፤ ጫፉ ላይ አለፈቻት። እኔ መጨረሻውን አላየሁትም፤ ከላይ የወረደው ጩኸት ነገረኝ። ሙሉጌታ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ሮጦ መጥቶ ከመሬት አነሣኝ።

“ሦስተኛ፣ እማማ። ሦስተኛ።”

“አውርደኝ አንተ ሰው፣ ወገቤን።”

አራተኛ የወጣችውን ልጅ ሄጄ አቀፍኳት። ከሌላ መስመር ነበረች፣ የእሷን እቃ አልነካሁም፤ ተመስገን አልኩ። ሃያ ስምንቷ አንደኛ ወጥታለች። ሜዳልያዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ከጓደኞቿ ጋር መጣችና ፎጣዋን ዘረጋችልኝ። “አሁን ያሳዩን” አለች። ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ከየክልሉ ለመጡ ልጆች ቋጠሮ ሳስተምር፣ የባለ ነጭ ኮፍያዋ ዳኛ ጥላ አረፈብኝ። ሌላ ቅጣት ያለ መሰለኝ።

“እማማ፣ የቋጠሩትን መስመር አጣርቻለሁ” አለችኝ። “ሕግ ጥሰዋል። ግን የስድስት ሰው እቃ በዚያች ጊዜ ሰብስበው አንድ ነገር አላቀላቀሉም። ከሰዓት የወንዶቹ ውድድር አለ። ሳይነኩ መጠበቅ ይችላሉ?”

“ሳልነካ?”

“ምንም ሳይነኩ። ሰው እንዳይገባ ብቻ።”

ቢጫ ሰደርያ አለበሰችኝ። በሩ ላይ ዱካ አድርገውልኝ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ጫማ ተበትኖ እያየሁ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ያዝኩት፤ ከዚያ የከበደ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። መጀመሪያ የመለስኩት ሙሉጌታን ነው።

“ባጅህስ?” አልኩት።

“እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ።”

“አውቅሃለሁ። የጠየቅኩት ባጅህን ነው።”

ተመልሶ ሄዶ ባጁን አመጣ።

ከዚያ ወዲህ ውድድር ሲኖር ይጠሩኛል። ሐዋሳን አየሁ፣ ባሕር ዳርን አየሁ። ከመርካቶ የማልወጣ ሴትዮ ነበርኩ፤ ዛሬ ሐጂ “እትዬ ብርቄ ደግሞ የት ሄዱ?” ሲባሉ “ሐይቅ ሊጠብቁ” እያሉ ይመልሳሉ። በረንዳውን እሳቸው ይዘውታል። በነገራችን ላይ የወሊሶውን ሰውዬ ያኔ አፉን አስከፍተው ነው ምንጣፉን የሰጡት።

እናንተም የምትወዱት ነገር ካለ፣ የምትጠብቁት ልጅ ካለ፣ ይቺን ውሰዱልኝ። እኔ ጥበቃ ማለት መቋጠር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለተቀመጠ እቃ እውነት ነው። ለሚሮጥ ሰው ግን ጥበቃው ዓይን ነው፤ እጅን ሰብስቦ ማየት። ይሄን ለመማር በዚህ ዕድሜዬ ፊሽካ አስፈለገኝ፤ አላፍርበትም።

ቤዛ ወደ ማሠልጠኛው የሄደች ጠዋት ቀድሜ ተነሣሁ። እቃዋን በሩ ላይ እንደዚያ መቀያየሪያ አዘጋጀሁላት፦ ጫማዋን አፉን ወደ ውጪ፣ ክሩን አላልቼ፤ ልብሷን በተርታ፤ ትልቁን ሻንጣዋን ወለል አድርጌ ከፍቼ። አንድም ነገር አልቋጠርኩም። ወጥታ አየችው፣ እኔን አየችኝ።

“እማዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ እኮ ይዝረከረካል” አለች።

ጎንበስ ብላ ልብሷን በፎጣዋ ሰበሰበችና ቋጠረችው። ረጅሙን ጫፍ ወደ ውጪ አውጥታ ተወችው።